የመሪጌታ ድርሻ

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ በር ላይ ቆሎ እያሰፈርኩ ነበር። የአንኮበር ሚኒባስ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ “መምህርት፣ መሪጌታ ዘውዱ አረፉ እኮ፤ አልሰማሽም?” አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ረዳቱ ሌላ ቃል ሳይጨምር፣ “አንኮበር! አንኮበር! አንድ ሰው የቀረ!” እያለ ጥሪውን ቀጠለ። መሪጌታ ይህን ቢያዩ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። “የእኔን ነፍስና አንድ ትርፍ ሰው ባንድ አፍ ጠራ” ማለታቸው አይቀርም። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ቆሎውን ለሻጯ መልሼ፣ የመናኸሪያውን ግንብ ተደግፌ አለቀስኩ።

አንኮበር የኖርኩት ጥቂት ዓመት ነው። ባዮሎጂ ላስተምር ተመድቤ ስሄድ ቤት የተከራየሁት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን በታች ካለው ከመሪጌታ ግቢ ነበር። መሪጌታ ዘውዱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሯቸው ሰፊ ሰው ነበሩ። ጥምጥማቸው ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብላል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ በየማለዳው ያቃኑላቸዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ በር ሳይደርሱ ተመልሶ ያዘነብላል። ቀልድ ሲጀምሩ ቀልዱ ሳያልቅ ራሳቸው ስለሚስቁ የብዙ ቀልዶቻቸውን መጨረሻ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስሜን በሳምንቱ ጣሉትና “ሳይንስ” አሉኝ። “ሳይንስ፣ ሽሮው ቀርቧል፣ ነይ እንጂ!” ይላሉ። ጉንፋን ይዞኝ ስተኛ ደግሞ ለጎረቤት፣ “ሳይንስ ዛሬ አሟታል፤ ማር ላኩላት” ሲሉ ሰምቼ ከብርድ ልብሱ ሥር ስቄያለሁ። ቁጡም ነበሩ። የጎረቤት ፍየል ጎመናቸውን የነካች እንደሆነ ድምፃቸው እስከ ገበያው ይሰማል። ቁጣቸው ግን የገለባ እሳት ነው፤ ወዲያው ከፍየሏ ባለቤት ጋር ቁጭ ብለው ጠላ ሲጠጡ ታገኟቸዋላችሁ። በክርክር ከተረቱ ደግሞ አንዲት መሸሸጊያ ቃል ነበረቻቸው፤ “ይሁን፤ ግን አልተስማማሁም።” ከእትዬ አስካለ ጋር ሲሆኑ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሏት እግዜር ይወቀው።

ሥራቸው ማኅሌት መምራት ነው። ከዚያ በተጨማሪ ግን የቀን ቆጠራ የእሳቸው ነበር ማለት ይቻላል። ዐቢይ ጾም መቼ ይገባል፣ ፋሲካ መቼ ይውላል ብሎ አገሩ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ባሕረ ሐሳቡን በጣታቸው አንጓ ላይ እየቆጠሩ ያሰሉትና፣ ሲጨርሱ እንደ መሐንዲስ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ።

ከዓመቱ ወቅት ሁሉ የሚወዱት ዘመነ ጽጌን ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ፣ ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንንና ልጇን በአበባና በፍሬ እየመሰለች የምትዘምርበትን ጊዜ። እሑድ እሑድ በማኅሌት ቆመው ያድሩና፣ ድምፃቸው ሰልሎ፣ ዐይናቸው ቀልቶ፣ ወደ ቤት በመግባት ፈንታ ወደ አቦ መስክ ይወርዳሉ። እዚያ የጽጌ ወፍ አለች።

የጽጌ ወፍ ቢራቢሮ ናት። ስሙን ያወጣላት የአገሩ ሰው ነው። ትንሽ ናት፤ ክንፏ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ፣ ጠርዙ ጥቁር። ብርድ ትወዳለች። ልጆቿ የሚበሉት ማገጥ የሚባለውን፣ ቅጠሉ ሦስት ሦስት የሆነውን የመስክ ተክል ብቻ ነው። መሪጌታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰብስበው ያዩአታል። አብሬአቸው የወረድኩ ቀን፣ “እያት እስኪ” አሉኝ፣ “አካሄዷ ወረብ ነው። ወዲህ ዘንበል፣ ወዲያ ዘንበል። እኛ ማኅሌቱን ጨርሰናል ብለን ስንወጣ እሷ ገና መጀመሯ ነው።”

ልጅ ሳሉ የጽጌ ወፍ ከታች ከቆላው አፋፍ ጀምሮ በየገብስ ማሳው ዳር ነበረች አሉ። ጎልማሳ ሲሆኑ ከዚያ ጠፍታ ወደ መካከሉ ወጣች። እኔ ስደርስ ከአቦ መስክ በታች አትታይም ነበር።

ነገሩ የገባቸው በበቆሎ ነው። አንድ ዓመት ጎረቤታችን ከጓሮዋ የሸለቀቀችውን እሸት በቆሎ ጠብሳ ይዛልን መጣች። በዚያ ከፍታ በቆሎ ሲያፈራ የዚያን ጊዜ ማየታችን ነውና ግቢው በደስታ ተሞላ። እትዬ አስካለ እልል አሉ። መሪጌታ ግን የደረሳቸውን በቆሎ በእጃቸው ያገላብጡ ጀመር።

“ምነው መሪጌታ፣ አይበሉም?” አልኳቸው።

“ይህ የቆላ ልጅ ነው” አሉኝ። “እሱ እዚህ ድረስ ከወጣ፣ የእኛ የብርድ ልጆች ወዴት ሊሄዱ ነው?”

“ወደ ላይ ነዋ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያም ወደ ላይ።”

“ተራራው ያልቃል እኮ፣ ሳይንስ!” አሉ፤ ድምፃቸው ያን ጊዜ ቀልድ አልነበረበትም። “የጽጌ ወፍ ክንፍ ስላላት ብቻ ሰማይ ላይ ጎጆ አላት እንዴ?”

በኋላ መረብ ይዘው ከአዲስ አበባ የመጡ ተመራማሪዎችም የነገሩን ያንኑ ነው። ሙቀቱ ከሥር ይገፋታል፣ መስኩ እየታረሰ ያንሳል፣ ዝናቡም ጊዜውን እየሳተ ነው፤ እንዲህ ከቀጠለ ትጠፋለች አሉን። መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው ሰሟቸው። በቆሎው የመጣልን ቀን ግን በቆሎውን በሉት። “ይሁን፤ ግን አልተስማማሁም” አሉት በቆሎውን፣ ከመንከሳቸው በፊት።

ይህን ሁሉ ፍቅር ካወራሁ በኋላ፣ መሪጌታ የጽጌ ወፍን ልጆች በገዛ መቋሚያቸው ይገድሉ እንደነበር ልናገር። የወሬ ማጣፈጫ አይደለም፣ በዐይኔ ያየሁት ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ማገጡ ላይ አረንጓዴ ትል ይወጣል። አገሩ “ተምች” ይለዋል። ተምች ደግሞ በዚያ አገር ስሙ ሲጠራ ሰው የሚያማትብበት ነው፤ የገብስ ማሳ ላይ ከወረደ አገዳ አያስቀርም። ስለዚህ መሪጌታ ወደ መስኩ ሲወርዱ፣ ዜማ እያንጎራጎሩ፣ በመቋሚያቸው ጫፍ ትሉን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረጉ ይሄዳሉ። መሬቱን ለጽጌ ወፍ ማጽዳታቸው ነበር።

“መሪጌታ! የማንን ልጅ ነው የሚገድሉት?” ብዬ ጮህኩ።

“የተምችን ነዋ!”

“የጽጌ ወፍ ልጅ ነው እሱ!”

ቆመው አዩኝ። ከዚያ ሳቁ። “ስሚ፣ ሳይንስ፣ ተምች ተምችን ይወልዳል። አህያ ወፍ ወልዳ አታውቅም።”

ክርክሩ ስላላዋጣኝ አንዱን ትል ከነማገጡ በብርጭቆ አድርጌ፣ አፉን በሻሽ አሰርኩና መስኮታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ያቺ ብርጭቆ የቤቱ ወሬ ሆነች። በየጠዋቱ፣ ጸሎታቸውን ካደረሱ በኋላ፣ አጎንብሰው ያዩአታል። “ጠግቧል ተምችሽ” ይሉኛል። ትሉ መብላት አቁሞ፣ ራሱን አገዳው ላይ አስሮ፣ ደርቆ ሲቀር ደግሞ፣ “ሞተልሽ! እንፍታው እንዴ?” አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

አንድ እሑድ ጠዋት ከማኅሌት ሲመለሱ እኔ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ወደ ቤት ገቡ። ሳቅም ቁጣም ሲጠፋ ደንግጬ ገባሁ። ብርጭቆው ፊት በጉልበታቸው ተንበርክከዋል። የጽጌ ወፍ ሻሹ ላይ ተንጠልጥላ፣ ገና እርጥብ የሆነ ክንፏን ታደርቃለች። እትዬ አስካለ ከኋላ ቆመው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘዋል። መሪጌታ ዞር ብለው፣ “ስንት ዘመን ገደልኳት?” አሉኝ።

በማግሥቱ ለንስሐ አባታቸው ሄደው ተናዘዙ። ቄሱ በኋላ ራሳቸው እየሳቁ እንደነገሩኝ፣ ለትል መግደል ቀኖና ከየት እንደሚያመጡ ጨንቋቸው፣ “እንግዲህ አትርገጥ፣ ያወቅኸውንም ለሌላው ንገር” ብለው ሰደዷቸው። መሪጌታ ቀልድ አልመሰላቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆመውም ተቀምጠውም ያንኑ ሲናገሩ ኖሩ። በዝክር ቤት፣ በለቅሶ ቤት፣ በገበያ መንገድ፣ ሰው ያገኙ እንደሆነ ወሬያቸው ይኸው ነው። “ማገጥ ላይ ያለችው ተምች አይደለችም፤ ልጅ ናት” ይላሉ። አንዳንዱ ሰው ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይለውጥ ጀመር። እኔም ለራሴ፣ ምነው ያቺን ብርጭቆ ባላስቀመጥኩ፣ ያልኩበት ቀን አለ።

ከዚያ የአጨዳው ነገር መጣ።

የአቦ መስክ የደብሩ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ከብት አይገባበትም። በጥቅምት የአቦ ዕለት ታቦቱ ነግሦ ከገባ በኋላ፣ በማግሥቱ ምእመኑም ካህኑም ማጭዱን ይዞ ወርዶ፣ ድርሻ ድርሻውን ያጭዳል። ከዚያ ሣር ነው በጋውን ከብቱ የሚከርመው። ድሮ በአቦ ማግሥት የጽጌ ወፍ ልጆች ክንፍ አውጥተው ስለሚጨርሱ ማጭዱ አይነካቸውም ነበር። አሁን ግን ዝናቡ ይዘገያል፤ ዝናቡ ሲዘገይ ማገጡ ይዘገያል፣ ማገጡ ሲዘገይ ትሎቹ ይዘገያሉ። የማይዘገየው ማጭዱ ብቻ ነው።

በልጉ ጨርሶ በቀረበትና ክረምቱም ዘግይቶ በገባበት ዓመት፣ በአቦ ዕለት፣ ሰዉ ከወይራው ሥር ተሰብስቦ ጠበል ጸዲቅ ሲቀምስ መሪጌታ ተነሡ።

“ነገ ማጭድ እንዳይገባ እለምናለሁ” አሉ።

“ምን ተገኘ?” ያሉት አቶ ካሳ ናቸው። አቶ ካሳ ከብታቸው ብዙ፣ ቃላቸው የሚደመጥ፣ በሰበካ ጉባኤው የተመረጡ ገበሬ ነበሩ።

“የጽጌ ወፍ ልጆች ገና ሣሩ ላይ ናቸው። ጽጌ እስኪወጣ ብንታገሥ ክንፍ ያወጣሉ። እዚህ መስክ ላይ ካለቁ ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም።”

ሳቅ ተነሣ። አቶ ካሳ ግን አልሳቁም። “መሪጌታ፣ ቀን የሚቆጥሩልን እርስዎ ነዎት። አባቶቻችን በአቦ ማግሥት አጨዱ። ዛሬ ቀኑ ይቅር ይሉናል?”

“ቀኑማ አልተሳሳተም፣ ዝናቡ ነው የሳተው። እኛ ቀን እንቆጥራለን፣ ሣሩ ደግሞ ዝናብ ይቆጥራል። ሂዱና እዩት፤ ማገጡ ገና አሁን ማበቡ ነው።”

“ሣሩ ቆሞ ሳለ ዝናብ ቢመታውስ?”

መሪጌታ በዚህ ጊዜ፣ ዕድሜ ልካቸውን ቀን ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው፣ ቆጠራቸውን ተማምነው፣ “በጥቅምት ምን ዝናብ አለ?” አሉ።

ሰዉ አጉረመረመ፣ ተከራከረ፣ መጨረሻው ላይ ግን ስለሚወዳቸው እሺ አለ። አቶ ካሳ እንኳ፣ “ለእርስዎ ስል ነው” ብለው ማጭዳቸውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ጥቅምት ሳያልቅ ዘነበ። እንደ ሐምሌ ነበር፤ ቀን ከቀን፣ በረዶም ቀላቅሎ። ሣሩ ተኛ፣ ጠቆረ፣ ሸተተ። በጋው ሲመጣ የሚላስ የሚቀመስ ታጣና ከብቱ አጥንቱ ተቆጠረ። የአቶ ካሳ ጠንካራው በሬ ለእርሻ ሳይደርስ ሞተ። በመንደሩ፣ የማይሆን ተስፋ የሚሰጥን ሰው፣ “በጥቅምት ምን ዝናብ አለ” ማለት ተረት ሆነ። ልጆች ሳይቀሩ መሪጌታ ሲያልፉ ያሏት ጀመር።

መሪጌታ ቁጣቸውን ያን ጊዜ ነው የተዉት። ለራሳቸው ላም ያስቀመጡትን የገብስ ጭድ በጆንያ ሞልተው፣ በዚያ ቀጭን ጀርባቸው ተሸክመው አቶ ካሳ ደጅ ሄዱ። እኔም ሁለተኛውን ጆንያ ይዤ ተከትያቸው ነበር። አቶ ካሳ ጭዱን ተቀበሉ። “እግዜር ይስጥልኝ” አሉ። “ግቡ” ግን አላሉንም። በዚያ አገር ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ግቡ ሳይባል መመለስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ክፋቱ ደግሞ፣ በዚያው ዓመት የጽጌ ወፍ እንደ ጉድ ወጣች። ትሎቹ ዝናቡን በማገጡ ሥር ተጠልለው አሳልፈውት ኖሮ፣ ፀሐይ ሲወጣ መስኩ ቢጫ ሆነ። መሪጌታን ልጠራቸው ሮጥኩ። መጥተው፣ ከዚያች ከድንጋያቸው ላይ ሳይቀመጡ፣ ቆመው አዩ።

“ደስ አላለዎትም?” አልኳቸው።

“ደስ ሊለኝ አፈርኩ” አሉኝ። ጥምጥማቸውን አውርደው ፊታቸውን ጠረጉበት። ይህን ሰው የዚያን ቀን ያህል የወደድኩበት ቀን የለም።

ከዚያ ወዲያ ማንንም ለምነው አያውቁም። በሚቀጥለው ዓመት ድርሻ ሲደለደል፣ ማንም የማይፈልገውን የምንጩን ጥግ ለእኔ ስጡኝ አሉ። ረግረግ ነው፣ ማጭድ አይመችም፤ ማገጥ ግን ሞልቶበታል። ሰጧቸው። በአቦ ማግሥት ሌላው ሁሉ ሲያጭድ እሳቸው ድርሻቸውን ጽጌ እስኪወጣ ሳይነኩ ያቆዩታል። የሌላውም መስክ ትል ቢያልቅ ከዚያች ጥግ ዘር ይቀራል ማለት ነው። ሲያጭዱትም አያምርባቸውም፤ ማጭድ ይዘው ጣታቸውን ሳይቆርጡ የተመለሱበት ዓመት ትዝ አይለኝም። ሣሩ በዚያን ጊዜ ጠንክሮ አገዳ ብቻ ስለሚሆን ላሚቱ አፍንጫዋን ትነፋበታለች።

“በዚህ ቤት ጾመ ጽጌን የምትጾመው ላሚቱ ናት” ይላሉ እትዬ አስካለ፣ ባዶ ሊሆን የደረሰ የወተት ዕቃ እያሳዩኝ። “እኔና እሱማ እንበላለን።”

“ዋጋዋን ታገኛለች” ይላሉ መሪጌታ።

“ማን? ላሟ?”

“ይሁን፤ ግን አልተስማማሁም።”

አቶ ካሳ በየዓመቱ ሲያጭዱ እስከዚያች ጥግ ወሰን ይደርሱና፣ ቀና ብለው አይተው፣ ይመለሳሉ። ከመሪጌታ ጋር በቤተ ክርስቲያን እጅ ይነሣሣሉ፤ ጨዋታ ግን የለም። እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውሬ ስመጣም እንዲያው ነበሩ። መሪጌታ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝና፣ “ሳይንስ ከአገር ወጣች በሉ” ብለው በእንባቸው መካከል ሳቁ። ከዚያ ወዲያ በስልክ እንገናኝ ነበር። “አሉ?” ስላቸው፣ ስለራሳቸው የጠየቅኳቸው አይመስላቸውም። “አለች፣ አለች” ይሉኛል።

ያረፉት መስከረም እንደጠባ ነው፣ በድንገተኛ ሕመም። አርባቸው ሲደርስ ለተዝካሩ ሄድኩ።

ክረምቱ ዘንድሮም ዘግይቶ ስለገባ ገደሉ ሁሉ ገና አረንጓዴ ነበር። የአቦ ማግሥት አልፏልና መስኩ ታጭዷል። ግቢው ውስጥ ሰፊ ዳስ ተጥሎ፣ ሰው ከየአጥቢያው መጥቷል። አቶ ካሳ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠላ ያሳልፋሉ። ዳሱ ውስጥ የተጎዘጎዘው ሣር ግን ዐይን ይስባል። ለምለም፣ ወፍራም፣ ነጭና ወይን ጠጅ አበባ የተረጨበት። ተቀምጬ እጄን ስሰድበት ቀዘቀዘኝ። አንዷን አገዳ አነሣሁ። ማገጥ ናት። ሌላ አነሣሁ። እሷ ላይ፣ ቅጠል የተጠቀለለ የሚመስል፣ በቀጭን ክር የታሰረ ነገር አለ። ከጎኑ አንድ አረንጓዴ ትል ቀስ እያለ ይወጣል።

ብድግ ብዬ እትዬ አስካለን ፈለግኋቸው። እንጀራ በሰፌድ ይዘው ሲገቡ አገኘኋቸው።

“እትዬ፣ ሣሩ ከየት ነው የታጨደው?”

“ካሳ ነው ያመጣው፣ ጠዋት ሳንነሣ። ከመሪጌታ ድርሻ። ‘ሌላው ሣር ታጭዶ ደርቋል፣ ለእሳቸው ክብር የሚሆን የራሳቸው ነው’ ብሎ፣ በጀርባው እየተመላለሰ...”

አልጨረሱትም። እጄን አዩ። ሰፌዱን ለጎረቤት ሰጡ። በዚህ ጊዜ ከቀሳውስቱ መካከል አንድ ጎልማሳ ቄስ፣ “ተምች! ተምች አለ!” ብለው እግራቸውን አነሡ።

“እንዳይረግጧት!” ሲሉ እትዬ አስካለ፣ ከዚያ ገላ ያ ድምፅ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። “የጽጌ ወፍ ልጅ ናት! ዘውዱ ላም አስርቦ ያሳደጋት ናት!” ብለው እዚያው ቁጭ ብለው አለቀሱ። ለቅሶ ቤት ያላለቀሱትን ሁሉ ያን ጊዜ አለቀሱት።

አቶ ካሳ የጠላውን ጣሳ እንደያዙ ቀረቡ። ትሏን በመዳፌ አሳየኋቸው። ስለ እሷ ሲከራከሩ፣ ስለ እሷ በሬ ሲያጡ ኖረው፣ ከቅርብ ያዩአት ገና ያን ቀን ነው።

“ይቺ ናት?”

“ይቺ ናት።”

“እኔ እኮ ክብር ያደረግኩላቸው መስሎኝ ነው” አሉ። ከዚያ ወደ ዳሱ ዞረው፣ “ማንም ሰው እግሩን እንዳያነሣ!” ብለው ጮኹ። ሰዉ ሁሉ ባለበት ደረቀ፤ ቄሱ አንድ እግራቸው ተሰቅሎ ቀረ። “ጫማችሁን አውልቁ። ቀስ ብላችሁ፣ ከሥራችሁ ያለውን በእጃችሁ አንሡ።”

ጫማ አወለቁ፣ ቤተ መቅደስ እንደሚገባ ሰው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘረጉ። የተምችን ስም ሲሰሙ የሚያማትቡ ሰዎች፣ ትል በጣታቸው ነክተው የማያውቁ፣ አገዳ አገዳውን እየለዩ ነጠላው ላይ ያኖሩ ጀመር። አንዲት አሮጊት ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያነሡት። የተቀቀለው ሁሉ ቀዘቀዘ፣ ጠላው ዝንብ ወረደበት፤ የተቆጣ ሰው አላየሁም። የተሰበሰበውን በነጠላም በሰፌድም ይዘን ወደ ምንጩ ጥግ ወረድን።

ድርሻው ተላጭቶ ነበር። አቶ ካሳ ከመሪጌታ የተሻሉ አጫጅ ናቸውና ምንም አላስተረፉም፤ ውኃው ዳር፣ ማጭድ ከማይደርስበት፣ ጥቂት ማገጥ ብቻ ቆሟል። ትሎቹን እዚያ ላይ አሰፈርናቸው። ራሳቸውን በክር ያሰሩት ግን፣ የተቆረጠ አገዳ ላይ ያሉት፣ የት እንደሚደረጉ ጨነቀን። አቶ ካሳ ረግረጉ ውስጥ ተንበረከኩ፤ ለተዝካር የለበሱት ነጭ ሱሪ ጭቃ ሆነ። አንዷን አገዳ ከነጥቅሏ ወስደው፣ ጭቃውን በጣታቸው ቀድደው፣ እንደ ችግኝ አቁመው ተከሏት። እስክትጸና ድረስ በሁለት እጃቸው ደገፏት።

“ይተርፋሉ?” አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

የተማርኩትን ሁሉ አሰብኩ። ውሸት መናገር አልፈለግኩም። “አላውቅም፣ አቶ ካሳ” አልኳቸው።

“ዘር ስዘራስ ዛሬ ዛሬ መቼ አውቄ ነው?” አሉና፣ እጃቸውን ወደ ነጠላው ሰደው ሌላ አገዳ አነሡ።